ያልታሰረው ቀበቶ

ሱሉልታ፣ ሮብ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ተመስገን፣ ልጄ ዛሬ ጠባ!

እሑድ ከተወለደ ጀምሮ ጡት ስሰጠው ዝም ብሎ ይተኛ ነበር። ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ነው የመጣው። ምጡ ሁሉ ወገቤ ላይ ነበር። አዋላጃችን አዴ ጫልቱ በእጄና በጉልበቴ አንበርክከውኝ፣ «ጀባዱ ልጄ፣ በርቺ!» እያሉ ወገቤን ባይዙልኝ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍ አልነበርኩም። ሲወጣ ፊቱ አብጦ ጠቁሮ ነበር፤ ያለቀሰውም ቆይቶ ነው። የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ሕክምና የሚሰጠን፣ መጥቶ አየውና «አመጣጡ አድክሞታል፤ ወተትሽን እያለብሽ በማንኪያ ስጪው» አለኝ። ሰጠሁት። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም።

ባለቤቴ ተሰማም ፈርቶ ነበር። በእናቱ አገር ሚስት ስታምጥ ባል ቀበቶውን ይፈታል፤ ምጡ እንዲቀልላት ነው። እሑድ ፈታ። ልጁ አልጠባ ሲል ደግሞ «እስኪጠባ አላስርም» ብሎ ተሳለ። ይኸው በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ፣ በሌላው እጁ ሱቃችን ውስጥ ስኳር ሲመዝን ሰነበተ። ገበያተኛው ሳቀበት። እኔም አፍሬበት ነበር።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጁ ጡቴን ያዘና ጎተተው። እንዴት እንደሚያም! «ተሰማ!» ብዬ ጮህኩ። ሱሪውን እንደያዘ ከሱቁ ሮጦ ገባ። አየን። ቀበቶውን ሊያስር ቢሞክር በአንድ እጁ አልሆነለትም።

«እባክሽ እሰሪልኝ» አለ።

«ልጅህ ይዞኛል፤ ጠብቅ» አልኩት።

ልጁ እስኪጠግብ ድረስ ሱሪውን ይዞ ቆመ።