ማብሪያው መቱ ነው ያለው

ውድ ወንድም ጋሼ ፋኦል፣

«አዲሱን ቦርድ ንቀይና የእኔን መልሰሽ እሰሪው» ያልከው መልእክት ደርሶኛል። አልነቅለውም። ይህን በስልክ እንዳልነግርህ ሰውን አስጨርሰህ አትሰማም፤ ደብዳቤ ግን አይቋረጥም። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች። ለማን እንደምጽፍ ጠይቃኝ ለአንተ መሆኑን ስነግራት «ክፉ ቃል እንዳትጽፊ» አለችኝ። እሞክራለሁ።

ለገና መጥተህ ያንን ሰማያዊ ሪሌይ ቦርድ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ገጥመህ የቤቱን መብራትና ሶኬት ሁሉ ስታስርበት የተደሰትነውን አልረሳሁም። አንተ ስልክህን ነካ ስታደርግ ቦርዱ ጠቅ ይላል፣ ጓሮ ያለው የጫጩት ቤት ይበራል። ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ አየ፤ እኔም ኮራሁብህ። ማዘዣውን በእኔም ስልክ ላይ ጫንክልኝ። «ከእንግዲህ ምን ያደርግላችኋል» ብለህ የጫጩት ቤቱን የግድግዳ ማብሪያ ነቅለህ ስትጥለው እንኳ አልከለከልኩህም። አዲስ አበባ ከተመለስክ በኋላ በእራት ሰዓት የበረንዳውን አምፖል ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም ታደርገው ነበር። እማዬ የጠቀለለችውን ጉርሻ አስቀምጣ «ነጋን ኦልቴ፣ ፋኦል?» እያለች ለአምፖሉ ሰላምታ ትመልሳለች። በእሷ ቤት ሰላም ያልካት አንተው ራስህ በር ላይ ቆመህ ነው።

ከዚያ ግን አበዛኸው። ውሃ እያሞቅኩ ታጠፋብኛለህ። ሬዲዮ እየሰማሁ ዝም ይላል። ስደውልልህ «ሲባክን አይቼ ነው» ትላለህ። በገዛ ቤቴ አምፖል ለማብራት አዲስ አበባን አስፈቅዳለሁ ብዬ ለማን ላውራ? ታላቄ ነህና ዝም አልኩ።

የግንቦቱን ቀን ግን ዝም አልልም። ሁሩሙ ከተማ ያሉት የእትዬ ሊቺ ማኅበር ሴቶች ያዘዙኝን ጫጩት ላስረክብ ሄድኩ። አዲስ የተፈለፈሉት ቤት ቀሩ፤ የማሞቂያ አምፖሎቹን አብርቼላቸው ነው የወጣሁት። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ ጭጋጉ ከደጃፋችን አልተነሳም። አንተ ቢሮህ ቁጭ ብለህ ስልክህን ስታይ በእኩለ ቀን አምፖል በርቷል። አጠፋኸው።

እማዬ ጫጩቶቹ ሲጮሁ ሰምታ ገባች። ማብሪያ ፍለጋ ግድግዳውን ዳበሰች፤ ያገኘችው አንተ ነቅለህ የተውከውን ቀዳዳ ነው። አንተ ጋ ደወለች፣ ስብሰባ ላይ ነበርክ። ከዚያ እኔ ጋ ደውላ «ዲሪቤ፣ ጠፍቶባቸዋል፣ እየሞቱ ነው» አለችኝ። ስልኩ ያናግራል እንጂ ኢንተርኔት ስላልነበረ ከሁሩሙ ሆኜ ላበራላቸው አልቻልኩም። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆሜ ጠበቅኩ። ቤት ስደርስ እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ጋቢዋን በጫጩቶቹ ላይ ዘርግታ፣ ጥቂቶቹን ደግሞ ጉያዋ ውስጥ ከትታ አገኘኋት። የቀሩት ሙቀት ፍለጋ ጥግ ላይ ተደራርበው፣ ተፋፍነው አልቀዋል።

ከስብሰባው ወጥተህ ስትደውል ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ? «እዚህ እኮ ፀሐይ ነው» አልክ።

ፋኦል፣ አንተ የመቱ ልጅ አይደለህም እንዴ? በግንቦት ላስቲክ ተከናንበህ፣ ደብተርህን ሸሚዝህ ውስጥ ወሽቀህ ትምህርት ቤት ስትሮጥ እኔ አልነበርኩም ከኋላህ? የጫጩቶቹ ማለቅ አናደደኝ። ይህን መርሳትህ ግን አስለቀሰኝ።

ይቅርታ ትለኛለህ ብዬ ስጠብቅ «ሙቀቱን የሚያሳየኝ ዕቃ እጨምርበታለሁ፣ ከዚህ ሆኜ እከታተለዋለሁ፣ ይሄ ያንቺ ነገር አይደለም» አልከኝ። ወዲያው ጃንጥላዬን አንሥቼ አብሮህ የተማረው ሱሌማን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ።

«ሪሌይ ቦርድ ፈልጌ ነው» አልኩት።

«ስንት ዕቃ ነው የምታስሪበት?»

«አምፖሎቹን፣ ማራገቢያውን፣ የውሃ ፓምፑን።»

«ፓምፑን ተይው፣ ቦርዷን ያቃጥላታል። ለእሱ ሌላ ከበድ ያለ አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣስ? ጠፍታ ትጠብቅሽ ወይስ ራሷ ታብራ?»

«ታብራ። ጫጩት ቆይ ቢሉት አይሰማም።»

ሁለት ቦርድ አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። አንዱ እንዳንተው ከየትም አገር በስልክ የሚታዘዝ ነው። ሌላው በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል፤ በየመስመሩ አጠገብ በጣት የሚጫኑት ቁልፍ አለው።

«ማን ነው የሚያዘው?» አለኝ ሱሌማን።

«እኔ።»

«አንቺ ከሌለሽስ?»

«እማዬ።»

«ፋኦልስ?»

«ፋኦል አዲስ አበባ ነው ያለው» አልኩት። ሳቅ አለና ባለገመዱን ጠቀለለልኝ።

ተማሪ ሳለህ ፊልም ስታይበት የኖርከው አሮጌ ኮምፒውተር አሁን ከጫጩት ቤቱ አጠገብ ተቀምጦ ሥራ ይዟል። እሱ እንኳ አልነሳ ቢል ማሞቂያዎቹ በርተው እንዲቆዩ አድርገን ነው ከሱሌማን ጋር ያሰርነው። ለማጥፋት ነው እንጂ ለማብራት የማንም ትእዛዝ አያስፈልግም። እማዬ ቁልፉን ተጭና ጠቅ ሲል ስትሰማ ሳቀች፣ ደግማ ተጫነችው፣ ከዚያ «አሁን ገና ማብሪያ ሆነ» አለች።

«ቤቱ የአባታችን ነው፣ እኔም ድርሻ አለኝ» ብለሃል። አለህ። ጣሪያውንም ግቢውንም እንካፈል። የጫጩቶቹ ሥራ ግን የእኔ ነው። ኩሳቸውን የምጠርገው እኔ፣ ሲያነጥሱ የምደነግጠው እኔ፣ ቀጣዩን ዙር ሲጠብቁ ለነበሩት ለእትዬ ሊቺ ሴቶች ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ «አልቀውብኛል» ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የሚያበራውም የሚያጠፋውም እዚህ ያለ ሰው ነው። ከፈለግህ አኩርፍ። ለዘመድ ሁሉ እየደወልክ ክሰሰኝ። ሽማግሌ ብትልክም ሻይ አጠጥቼ እሸኛቸዋለሁ እንጂ ቦርዱን አልነቅለውም።

የአንተን ቦርድ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ልልክልህ ነበር። እማዬ ከእጄ ቀማችኝ። «ልጄ በምን ሰላም ይበለኝ?» አለች። ስለዚህ ተመልሶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የታሰረበት ግን የበረንዳው አምፖል ብቻ ነው። ስልክህ ላይ የቀረችህ አንዲት መስመር እሷ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ አላበራሃትም። አፍረህ ይሁን ተቆጥተህ አላውቅም፤ እማዬ ግን እራት ሲቀርብ ፊቷን ወደ በረንዳው አዙራ ነው የምትቀመጠው። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ማታ አብራላት።

አዲሶቹ ጫጩቶች ተፈልፍለዋል። በስልክ አላሳይህም፤ ማየት ከፈለግህ መጥተህ እያቸው። ስትመጣ ጃንጥላ ያዝ፣ እዚህ እየዘነበ ነው።

እህትህ ዲሪቤ
ከመቱ፣ ከጫጩት ቤቱ ደጃፍ