እመቤቲቱን ባሕር አታስገቢ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከኩሽናው ጠረጴዛ

ስልክ ለማታነሺው፣ ለምወድሽ ልጄ ይድረስ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም፣ ክው ብዬ ነው ያለሁት። ወሬው ይዞኝ ሳይሄድ ዋናውን ልንገርሽ። የፊታችን ረቡዕ ወደ ባሕር ሊገቡ የተዘጋጁትን ዓሦች አታስገቢ። የእመቤቲቱን ዘር ቅማል ይበላዋል። አዎ፣ የኛን እመቤቲቱን፣ ከዓሣ ቤተሰቦቹ ሁሉ አንቺ ራስሽ መርጠሽ ስም ያወጣሽላትን! ከሐሙስ ጀምሮ ስደውል አታነሺም፤ መልእክትም ብልክ መልስ የለም። የዕንቁላል ሣጥን ይዞ ወደናንተ የሚመጣው ሾፌር ነገ ይነሳል፤ ይሄን ደብዳቤ በእጅሽ ካልሰጠ ዓይኔን እንዳያይ ብዬ አስምዬዋለሁ።

ሐሙስ ዕለት የሆነውን ስሚ። የእመቤቲቱ የልጅ ልጆች በአዲሱ አዳራሽ ከሌሎቹ ቤተሰቦች ጋር ተፈተኑ። አሠራሩ ያው አንቺ ትተሽው የሄድሽው ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገንዳ፣ በየገንዳው እኩል የባሕር ቅማል ይለቀቃል፣ ሰንበት ሲል የማን ቆዳ ላይ ስንት እንደተጣበቀ ይቆጠራል። የበዛበት ቤተሰብ ይጣላል፣ ያነሰበት ይራባል። የሚራቡት ደግሞ የተፈተኑት ሳይሆኑ ቅማል ያላያቸው እህት ወንድሞቻቸው ናቸው። አባትሽ ‹አንዱ ይነከሳል፣ ወንድሙ ይዳራል› እያለ የሚስቅበት ነገር። እኔማ ለወጉ ነው የቆምኩት። አንቺ ከፈተንሻት ወዲህ ማን ደግሞ እመቤቲቱን ፈትኗት ያውቃል? የሴቶቹን ዓሦች ሆድ እያሸን፣ ዕንቁላሉን እየተቀበልን፣ ወደናንተ ስንልክ ነው የኖርነው። ያሸሁትም እኔው ነኝ፣ በነዚህ እጆቼ።

ቆጣሪዋ ጓደኛሽ የመጀመሪያውን ዓሣ ከማደንዘዣው ውሃ አውጥታ መዳፏ ላይ አጋደመችው። ገልበጥ አደረገችው። መልሳ ገለበጠችው።

‹ምነው?› አልኳት።

‹እትዬ፣ ገንዳ ተሳስቼ መሰለኝ።›

የገንዳውን ምልክት አየን፤ አልተሳሳተችም። ዓሣው ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ በቅማል ተወሯል፣ ክንፉ ሥር ቆዳው ተልጦ ሥጋው ቀልቷል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ ከመሃል አንድ ሁለት ደካማ አይጠፋም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሁለተኛው መጣ፣ እንደዚያው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሁሉም! መረቡ ከእጄ መቼ እንደወደቀ አላውቅም። ከምንጥላቸው ቤተሰቦች ሁሉ የባሰችው እሷው ሆና ቁጭ አለች።

አለቃችን መጥቶ አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ‹የተለወጠው ቅማሉ ይሆናል። ደግመን ሳንፈትን ለገዢዎች ትንፍሽ እንዳትሉ› አለን። ‹ጌታዬ፣ እዚያ ያሉት ሰዎች እኮ የኛን ዘር አምነው የቅማሉን መድኃኒት እርግፍ አድርገው ትተዋል› አልኩት። ‹ደግመን እስክንፈትን ሁለት ወር ቢጠብቁ ምንም አይላቸውም› አለ። ምንም አይላቸውም! ዓሣ በሚያሳድጉባት አንዲት የባሕር መረብ ከነልጆቻቸው የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው፤ መድኃኒቱን የተዉትም አንቺ ‹ይሄ ዘር አያስፈልገውም› ስላልሻቸው ነው። ጓደኛሽ ግን የሱን ቃል አልጠበቀችም። ያንኑ ዕለት የዓሦቹን ፎቶ ልኬላታለሁ ብላኛለች፤ ስልክሽ ዝም ያለውም ከዚያ ወዲህ ነው። አዝነሽ ነው ብዬ አሰብኩ። ማንስ ቢሆን አያዝንም?

ቤት ስገባ አባትሽ ድንች እየላጠ ነበር። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ኩሽናውን ወርሶኛል፤ ቢላዋዬ የት እንደሚቀመጥ እንኳ የማውቀው እሱን ጠይቄ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ የሆነውን ዘረገፍኩለት። እሱ ዓሣ ታሞ ከሆነ መጀመሪያ ‹ውሃው እንዴት ነበር?› ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ ዕድሜውን ሙሉ የኛኑ ድርጅት ፓምፕ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። አሁን ግን ምንም አልጠየቀኝም።

‹እኔ ነኝ› አለ።

‹ምኑ ነህ?›

‹ለቃሚዎቹን የጨመርኩት።›

እመኚኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ለቃሚ! ያቺ ድቡልቡል ዓሣ፣ በሆዷ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ውላ የሌላውን ዓሣ ቅማል እየለቀመች የምትበላው! ከጎረቤት ድርጅት፣ ከጓደኛው ለምኖ አምጥቶ፣ ያኔ አንቺ ስትፈትኚ በእመቤቲቱ ገንዳ ውስጥ፣ ከውሃ መግቢያው ቧንቧ ኋላ ደብቋቸው ነበር። ለካ እመቤቲቱ ቅማል የማይደፍራት ጠንካራ ሆና አይደለም፤ ቅማሏ ሲለቀምላት ከርሞ ነው! ስንት ዓመት ሙሉ አላት ብለን ዘሯን ስናራባ የኖርንበት ጉልበት ጭራሽ አልነበራትም።

‹ለምን?› አልኩት። ‹ምን በደሉህ?›

‹ገዢዎቹ ምርጡን ቤተሰብ የመረጠውን ሰው ከዕንቁላሉ ጋር ላኩልን ብለው አልነበር?› አለኝ። ‹ልጄ እዚህ ገንዳ ስታጥብ ታርጅ? የሷንማ ዕድል ቅማል አይበላውም ብዬ ነው።›

ያልተናገርኩት የለም። ‹ለልጅህ በር ልትከፍት የሰው ጉሮሮ ትዘጋለህ?› ብዬ ጮህኩበት፤ ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም። የተላጠውን ድንች መልሶ ይልጣል፣ ይልጣል፤ በመጨረሻ እጁ ላይ የአውራ ጣት ታህል ቀረች። አሳዘነኝ፣ ግን ንዴቴ አልበረደም።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው የሚባለው እውነት ነው ልጄ፤ ጉዱ አላለቀም። ትንሽ ረጋ ስል አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ለቆጠራ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዓሣ ያኔ መደበቂያ የለውም። ‹ሰው ሳያይህ እንዴት አወጣሃቸው?› አልኩት።

ቀና ብሎ ግራ በገባው ዓይን አየኝ። ‹እኔ መች አወጣኋቸው? አንቺ ነሽ እንጂ።›

‹እኔ?›

‹የቆጠራው ዕለት ጠዋት ትልቁ ፓምፕ ተበላሽቶ አረፈድኩ። ስደርስ ውሃው ወርዷል። አለቀልኝ ብዬ ስገባ ለቃሚዎቹ በሩ ጥግ ባልዲ ውስጥ ናቸው። ንጹሕ ውሃ ተሞልቶላቸው፣ እንዳይታፈኑ ክዳኑ ገርበብ ተደርጎ። ማንም ምንም አላለኝ። አይተሽ፣ ነገሩ ገብቶሽ፣ ለኔና ለልጅሽ ስትይ ችለሽው ነው ብዬ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። አንድ ቀን እንኳ አንስተሽብኝ አታውቂም። ያንን እያሰብኩ ስንቱን ንዝንዝሽን ችያለሁ መሰለሽ?›

ልጄ፣ የቆጠራው ዕለት እኔ ሥራ አልነበርኩም። ጥርሴን ልነቀል ሄጄ ነበር። አባትሽ የኔ ጥርስ መቼ እንደተነቀለ ያስታውሳል ብለሽ ነው? እኔ ግን አስታውሳለሁ። መንጋጋዬን ይዤ በሩ ላይ ሳመነታ፣ ‹ሂጂ እማዬ፣ የዚህን ገንዳ ብቻዬን እቆጥረዋለሁ› ተብዬ ነው የሄድኩት።

ዓሦቹ አስደንግጠውኛል፤ አባትሽ አስደንግጦኛል፤ እንደዚያ ባልዲ ግን ያስደነገጠኝ ነገር በዕድሜዬ የለም። እሱ ደግሞ ቢላዋውን እንደያዘ መልሴን ይጠብቃል። ፊቱን አየሁት። በሠራው ሥራ አፍሯል፤ ግን ልጄ ንጹሕ ናት የሚላት አንዲት ነገር ቀርታዋለች። እሷን ከእጁ መንጠቅ አቃተኝ።

‹አዎ፣ እኔ ነኝ› አልኩት።

ብድግ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ውሸታም ግንባሬን!

ስለዚህ እዚህ ቤት ነገሩ የሁለታችን ሆኖ ቀርቷል። ሰኞ አለቃችን ዘንድ አብረን እንገባለን፤ እሱ አስገብቷል፣ እኔ አውጥቻለሁ። ከሥራ ቢያባርሩኝም እጄ ከቅዝቃዜ ያርፋል፤ ስለኔ አታስቢ። አንቺ ለዚህ መልስ አትጻፊልኝ። አላየሁም ብለሽ አትማይ፣ አይቻለሁም አትበይኝ፤ አልጠየቅኩሽም። ያንቺ ተራ ረቡዕ ነው። ሰዎቹን ሰብስበሽ ‹ዓሦቹን አታስገቡ፣ ባሕር ውስጥ ላሉትም መድኃኒቱን መልሱ› በያቸው። ለምን ካሉሽ ‹አባቴና እናቴ አታለሉኝ› በይ፤ እኛ ለመሰደብ ደርሰናል። ዝም ካልሽ ግን ልጄ፣ እኔ አባትሽን ለማን ብዬ እንደዋሸሁት አላውቅም።

ብርዱ እንዳይጎዳሽ ወፍራሙን ካፖርት ልበሺ። የዋልሽበት ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ፤ አንደበትሽን ፈጣሪ ያበርታልሽ። አባትሽ ሳሚልኝ ብሏል፤ ይሄን ደብዳቤ አላነበበም፣ አያነብምም።

እናትሽ