የዋና ተመራማሪያችን ዕረፍት እና ሦስት ጊዜ ብቻ መታጠብ የነበረባቸው ሳህኖች

የላቦራቶሪያችን ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር የዋና ተመራማሪያችንን ሞት ከማርዳቱ በፊት አንድ ጥፋት ያስታውቃል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በስማቸው ወጥቶ በስማቸው የተሻረው ውጤት የተበላሸው በእሳቸው እጅ አይደለም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የላቦራቶሪው ዕቃ አጣቢ፣ የማኅበሩ ጸሐፊና የዚህ መግለጫ ጸሐፊ። ኮሚቴው «እዚህ ላይ ‹እኛ› አትበል፣ ‹እኔ› በል» ስላለኝ እንዲህ ጻፍኩ።

ዋና ተመራማሪያችን ባደረባቸው የልብ ሕመም ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው አርፈዋል። ማኅበሩ የተሰማው ሀዘን መሪር ነው። ጋዎናቸው እስከ ዛሬ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው፤ የሚያወርደው ሰው ጠፍቷል።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የደከሙት ለአንድ ጥያቄ ነው፦ በሰው አፍና አንጀት ውስጥ ዝም ብሎ የሚኖር እርሾ የሚባል ረቂቅ ፈንገስ፣ ሰውነት ሲደክም፣ በምን ይዞ ነው ከሽፋን ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ በሽታ የሚሆነው?

በሁለተኛው የአገልግሎት ዓመታቸው፣ ክብ የነበረው እርሾ ክር አውጥቶ ሲረዝም አያያዙ እንደሚጠነክር ከታማሚዎች አፍ በተወሰደ ናሙና አሳይተዋል። ለአዲስ ሠራተኛ ሲያስረዱ «ይሄ እንግዳ እኮ መጀመሪያ በር ተደግፎ ነው የሚቆመው፤ ቶሎ ካልሸኛችሁት ፍራሹን ያስገባል» ይሉ ነበር።

በአምስተኛው ዓመት የእጥበቱን ሥርዓት አወጡ። ሕዋሳት በሳህን ላይ ይበቅላሉ፤ እርሾው ይጨመርባቸዋል፤ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያሉ፤ ከዚያ በጨው ውሃ ይታጠባሉ። ዝም ብሎ ተቀምጦ የነበረው ይሄዳል፣ የያዘው ይቀራል። የሚቆጠረው የቀረው ነው። ከማጠቢያው በላይ በእጃቸው ጽፈው የለጠፉት ወረቀት ዛሬም አለ፦ «ሦስት ጊዜ፤ በቀስታ፤ ለሁሉም እኩል።» እኔንም «አባ እጥበት» ያሉኝ ያን ጊዜ ነው፤ ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በአሥራ ሰባተኛው ዓመት እርሾውን ያስለቅቃል የተባለ አዲስ መድኃኒት ሞከሩ። በዚያ ወር ባለቤቴ በሌላ በሽታ ደክማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ያው እርሾ አፏንና ጉሮሮዋን ነጭ አልብሶት ውሃ መዋጥ እንኳ አቅቷት ነበር። ጠዋት ጠዋት እሷን አይቼ እመጣና መድኃኒቱ ያለባቸውን ሳህኖች ሳጥብ እጄ ሦስት ላይ አልቆም አለኝ። አራት፤ አምስት። «ልቀቃት» እያልኩ። መድኃኒት የሌለባቸውን ግን ሦስት ጊዜ ብቻ አጠብኩ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አደረግሁ። ጸሎት መስሎኝ ነበር። ጸሎት አልነበረም፤ ማጭበርበር ነበር።

መድኃኒቱ እርሾውን ያስለቀቀ መሰለና ቁጥሩ አማረ፤ ጽሑፉም ታተመ። ባለቤቴ አረፈች፤ እጄም ወደ ሦስት ተመለሰ። ሌሎች ላቦራቶሪዎች ሞክረው ያንን ውጤት አጡት፤ እሳቸውም ደግመው አጡት። አንድ ቀን ከማጠቢያው አጠገብ ቆሙ።

«አባ እጥበት፣ ያን ጊዜ እጅዎ ያው እንደ ሁልጊዜው ነበር አይደል?»

«ያው ነበር ዶክተር።»

ሁለተኛ አልጠየቁኝም። በስብሰባ ላይ «የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ስህተቱም የእኔ ነው» ብለው የታተመው ጽሑፍ እንዲሻር አደረጉ። የክፍል ኃላፊነታቸው ተወሰደ። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን ወዳለችው መስኮት አልባ ክፍል ገቡ።

በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት አሥራ አንድ ተመራማሪዎችን አሠልጥነዋል። በየዓመቱ የባለቤቴን መታሰቢያ ቀን ከእኔ ቀድመው ያስታውሱ ነበር። «ዛሬ በጊዜ ይውጡ» ይሉኝና የቀረውን ዕቃ ራሳቸው ያጥቡ ነበር። እኔም አመስግኜ እወጣ ነበር።

ለምን ዝም አልክ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። እንጀራዬን ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ ብናገር ለባለቤቴ ያደረግሁት የመጨረሻ ነገር ጥፋት ነበር ማለት ሆኖብኝ ነው። በእሷ ሰበብ የሌላ ሰው ልጅ ስም ሲጎድፍ እያየሁ፣ ማታ ማታ ምሕረት እለምን ነበር። ምሕረት ልለምናቸው የሚገባኝ ሴት ግን እዚያ ማዶ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ በራቸውን ከፍተው ተቀምጠው ነበር።

ማኅበሩ ለወላጅ እናታቸው፣ ለታናሽ እህታቸው፣ ላሠለጠኗቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ፈጣሪ የደከሙበትን ሁሉ ይቁጠርላቸው፤ እሱ ሲቆጥር አይሳሳትም።

ከጸሐፊነት ልነሳ ብዬ ነበር፤ ሊቀመንበሯ «መጀመሪያ የጀመርከውን ጨርስ» አሉኝ። ስለዚህ ትናንት ከቀብር መልስ፣ እናታቸው፣ እህታቸውና የአሁኑ የክፍል ኃላፊ ባሉበት፣ የዚያን ወር የሙከራ መዝገብ አውጥቼ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። እናታቸው «እንግዲህ ልጄ ስትቆጥር አልተሳሳተችም?» አሉ። «አንድም አልተሳሳቱም እማማ» አልኳቸው። «እንግዲያው ጻፈው» አሉኝ።

ለዘጠኝ ዓመት ባዶ በነበረው የማስታወሻ ዓምድ ላይ ጻፍኩ፤ የገጹም ቅጂ ጽሑፉን ላወጣው መጽሔት ተላከ፦ «መድኃኒቱ ያለባቸው ሳህኖች አምስት ጊዜ ታጥበዋል። ቆጣሪዋ የቀረውን በትክክል ቆጥረዋል። ያጠብኩት እኔ ነኝ።» ፈረምኩበት።