የእሁድ ጥም

ለምወድሽ፣ እንደ እናት ላሳደግሽኝ አክስቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጀምር የተለያየነው ሳምንት አይደለም፤ እንደምን ከረምሽ እንዳልል አንድ ክረምት አይደለም። ለሦስት ዓመት ዝምታ የሚሆን ሰላምታ ማንም ስላላስተማረኝ ጉልበትሽ እንዴት ነው ብዬ ልጀምር። አሁንም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ትይዣለሽ? የግራ ጆሮሽስ? ቀፎዎችሽ ስንት ደረሱ? ያ ዘመድ ሲመጣ የሚጮኸው፣ ሌባ ሲመጣ ግን ጅራቱን የሚቆላው ውሻሽ አለ ወይስ በእርጅና ሞተ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ቆሜ ስለምሄድ ነው። ልጄ ግን በእውነት ደህና ናት። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆናት። ጉንጯ ከእሷ ቀድሞ ስለሚደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ድንቡሼ ይላታል፤ እኔም ዋና ስሟን ልረሳው ምንም አልቀረኝ።

ይህን የምጽፍልሽ በምሳ ሰዓት፣ በሸሚዝ ፋብሪካው የመተኮሻ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። ዛሬም ኮሌታ ነው የምተኩሰው። ሰዓቱ አጭር ስለሆነ እንደ ልማዴ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የምናዘዝልሽ ነገር አለ፣ የምለምንሽም ነገር አለ። ልመናውን መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ፤ ከወዲሁ ብነግርሽ ያበድኩ ይመስልሻል።

ባሌን ታስታውሺዋለሽ። «ቀያሹ» ያልሽው አንቺ ነሽ፤ ሥራውም ስሙም ያው ሆኖ ቀረ። ልትተዋወቂው ይዤልሽ የመጣሁ ቀን፣ ይህ ሰው ቤቴን ሲያይ ዋለ እንጂ እኔን አላየኝም አልሽኝ። እኔ ደግሞ ብቻሽን መቅረት ፈርተሽ ነው፣ ቅናት ነው ብዬ የማይባለውን ሁሉ ተናግሬሽ ወጣሁ። ዝምታው ከዚያ ወዲህ ነው። ያልሽው ልክ እንደነበር ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፤ እንኳን ደስ ያለሽ።

የሚሠራው ውሃ አሽጎ ለሚሸጥ ድርጅት ነው። በበጋ የማይደርቅ፣ ጣዕሙ ያማረ ምንጭ ይፈልግላቸዋል። ምንጩ ሲገኝ ይታጠራል፣ ቧንቧ ይገባለታል፣ ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሰው የገዛ ውሃውን የሚያየው በጠርሙስ ነው። የገጠር ሰው ይህን ከሰማ ቆይቷል። ስለዚህ እነቀያሹ አንጸባራቂ ሰደርያቸውን ለብሰው፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ተሸክመው ሲደርሱ አገሩ ሁሉ ምንጭ አልባ ይሆናል። እኛ የዝናብ ውሃ ነው የምንጠጣው ይሏቸዋል። አንድ ሽማግሌማ ላሳያችሁ ብሎ ግማሽ ቀን ሲያዞራቸው ከዋለ በኋላ፣ መኪናቸውን ያቆሙበት ቦታ መልሶ አምጥቷቸው ከዚህ ወዲያ አላውቅም ብሎ ተሰናበታቸው። ባሌ ይህን ሲነግረኝ እኔ በሳቅ ፈረስኩ፤ እሱ አልሳቀም። ዓመቱን ሙሉ ባዶ እጁን ሲመለስ ከርሞ ከሥራ ሊያስወጡት ጫፍ ደርሰው ነበር።

ድንቡሼ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር አንድ እሁድ ከከተማ ወጣ ብለን እናናፍሳት አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ይህን እወቂልኝ። አሮጌዋን መኪናችንን አስነስተን ሄድን። ልጅ ሜዳ ሲለቀቅ እንዴት እንደሚሆን በእኔ አይተሽዋል። ለእያንዳንዱ ጠጠር ቁጢጥ ትላለች። ቀንድ አውጣ አግኝታ እንዳይበርደው ኮፍያዋን አለበሰችው፤ ኮፍያውን መልሺ ብንላት እሪ አለች። እሱ እሽኮኮ አድርጓት ዳገቱን በሙሉ ወጣ። በሥራ ቀን ልጁ ማንኪያ በየትኛው እጇ እንደምትይዝ የማያውቅ ሰው፣ ያን ቀን አባት ሆነ። ጆሮውን እየጎተተች ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ትነዳዋለች፤ እሱም እሺ ይላል። እኔ ከኋላቸው እየተከተልኩ አለቀስኩ፤ የደስታ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የድንቡሼ ኮዳ ተደፋ። ቡዋ፣ ቡዋ እያለች ታለቅስ ጀመር፤ በእሷ ቋንቋ ውሃ ማለት ነው። ያገኘነውን በር አንኳኳን። መነጽሯን በክር አስራ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ወጣች። ልጅ ስታለቅስ አይታ ማን ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ አላለችም፤ ሮጣ ገብታ በጣሳ አመጣችላትና እኛንም አጠጣችን። ባሌ ውሃውን ቶሎ አልዋጠውም፤ አፉ ውስጥ አቆየው። ከየት እንደምትቀዳ ጠየቃት። ልጅ የታቀፈ ሰው ምን ያደርገኛል ብላ፣ መንደሩ ሁሉ የደበቀውን ምንጭ ከጓሮዋ ጀርባ ወስዳ አሳየችው። ስንነሳም ለመንገድ ብላ የድንቡሼን ኮዳ እስከ አፉ ሞላችልን።

ሰኞ ጠዋት ኮዳው ከቤት ጠፋ። ማክሰኞ ተመልሶ መጣ፤ ታጥቧል፣ ጎኑ ላይ ግን የተላጠ ወረቀት ርዝራዥ ቀርቶበታል፣ የናሙና ቁጥር ጫፍም ይታያል። አልጠየቅሁትም። በሚቀጥለው እሁድ ገና ሳልነሳ የልጅቱን ቦርሳ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ ዳይፐር፣ ቅያሪ፣ ብስኩት፣ ኮፍያ። እንዲህ ያለ ባል ማን አለው ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ። ሄድን፣ ሌላ መንደር፣ ሌላ ሜዳ፤ ኮዳው እንደገና ባዶ ሆነ፣ በር ተንኳኳ፣ ሰኞ ኮዳው ጠፋ። በሦስተኛው እሁድ መንደሩ ሳንደርስ ጎማ ልይ ብሎ መኪናውን አቁሞ ወረደ። በመስታወቱ አየሁት። ጠዋት በእጄ የሞላሁትን ኮዳ ከመኪናው ኋላ ሣሩ ላይ ደፋው፣ ጠብታው እስኪያልቅ አራገፈው፣ ከደነው። ጎማውንም በእግሩ መታ መታ አድርጎ ተመልሶ ገባ።

በማግስቱ ጠየቅሁት። አልደነገጠም። «መርዝ አላጠጣኋት፤ አሥር ደቂቃ ብትጠማ ምን ትሆናለች?» አለኝ። ሰደርያ ለብሶ ሲሄድ ውሻ የሚለቁበት ሰዎች፣ ልጅ ይዞ ሲሄድ ጓዳቸውን ሳይቀር ያሳዩታል። እሱ በዓመት ያላገኘውን እሷ በሦስት እሁድ አገኘችለት። ይህን እየነገረኝ ልጅቱን ወደ ላይ ወርውሮ ቀለባት፤ እሷም ድገመኝ አለችው።

ምን አደረግሽ በይኛ። ምንም። ሌላ እሁድ መጣ፣ እያወቅሁ ሄድኩ። ምክንያት አላጣሁም፤ ቤቱ የድርጅቱ ነው፣ ከሥራ ቢወጣ የት እንገባለን፣ አልኩ። ዋናው ግን ይህ አልነበረም። ልጄ አባት የሚኖራት እሁድ ብቻ ነው፤ ተው ብለው እሁዱም ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። በአምስተኛው እሁድ ጠዋት ኮዳውን ይዤ ቧንቧው ሥር ቆምኩ። ያው ሊደፋው፣ ምን አደከመኝ አልኩ። ባዶውን ከድኜ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩት። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስ አይለቅም ሲሉ ስሰማ ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር። የዚያን ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ መኪናው የማይገባበት መንገድ ስለነበረ በእግር ሄድን፣ መንደሩም ካሰብነው በላይ ራቀ። ድንቡሼ መጀመሪያ አለቀሰች። ኋላ ማልቀሱን ተወችው፤ ከንፈሯ ደርቆ አንገቴ ሥር ዝም ብላ ተለጠፈች። ልጅ ስታለቅስ ሳይሆን ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው፤ ሮጥኩ። መጀመሪያ ያገኘሁትን በር ደበደብኩ። የቤቱ ባለቤት ልጄን ከእጄ ነጥቃ እያጠጣቻት፣ «ምን ዓይነት እናት ነሽ?» አለችኝ። ባሌ እኔ ነኝ ውሃውን የረሳሁት፣ እሷ የለችበትም ብሎ ተከራከረልኝ። ከተጋባን ወዲህ ለእኔ ብሎ የዋሸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ባለፈው ወር አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ሴት ሁለት ጀሪካን መሬት ላይ አስቀምጣ ድንቡሼን ብድግ አደረገቻት። መነጽሯን በክር ያሰረችው ሴት ነበረች። ያቺ የተጠማችው ልጅ አይደለችም እንዴ ብላ አገላብጣ ሳመቻት። ምንጩ ታጥሯል፣ ዘበኛ ቆሞበታል። ለመንደሩ አንድ ቧንቧ ሰጥተዋቸው ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ ይከፈታል፤ አትክልቷ ስለደረቀባት ከተማ መጥታ የሰው ልብስ ታጥባለች። ከሁሉ ያንገበገባት ግን ሌላ ነው። ማን ጠቆመ እየተባለ መንደሩ እርስ በርሱ ተኳርፏል። እሷም ሃያ ዓመት አብራት የኖረችውን ጎረቤቷን ጠርጥራ ሰላምታ አቁማለች። ይህን ሁሉ ነግራኝ ስታበቃ፣ ከዚያ ወዲያስ ልጅቱ ጥም ቻለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ደህና ናት አልኳት። ጎረቤትሽ የለችበትም ማለት ሁለት ቃል ነበር፤ አልወጣኝም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ አክስቴ ጋ ውሰደኝ ብዬ ስለምነው ሩቅ ነው፣ መንገዱ አይረባም ሲለኝ ነበር። ባለፈው ሰኞ በራሱ አፍ ለምን አክስትሽን አንጠይቃትም፣ ልጅቱን እኮ አይታት አታውቅም አለኝ። ደስታዬን አልደብቅሽም፤ ግማሽ ቀን ሙሉ ኮሌታዬን እየተኮስኩ አንጎራጎርኩ። እራት ላይ ግን፣ በበጋም አይደርቅም ያልሽኝ ምንጭ አሁንም አለ ወይ ሲል ጉርሻው አፌ ላይ ቀረ። አክስቴ፣ የነገርኩት እኔ ነኝ። ገና ስንፋቀር ልጅነቴን ሳወራለት፣ ከቋጥኙ ሥር ገብተን እግራችንን ስንነክር፣ ሐብሐብ ስታቀዘቅዢልኝ፣ ይህን ሁሉ ዘርዝሬለታለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የት በኩል እንደሚኬድ ያልነገርኩት ያኔ ስላልጠየቀኝ ብቻ ነው። አሁን ሲጠይቀኝ ልጅ ነበርኩ፣ ረስቼዋለሁ አልኩት፤ አላመነኝም።

አንሄድም አልኩት። ያን ያህልስ አልጠፋሁም፤ አልኩት። እሺ፣ አንቺ ቅሪ፣ እኔና ልጄ እንሄዳለን፣ ቤቷን እንደሆነ አውቀዋለሁ አለኝ። ብቻዋን አልሰጠውም፤ ያለ ውሃ ስንት ሰዓት እንደሚያቆያት አላውቅም። ስለዚህ እሁድ ረፋዱ ላይ ሦስታችንም እንመጣለን። ይህን ደብዳቤ ሐሙስ በእናንተ በኩል ለሚያልፈው አውቶቡስ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ እስከ ዓርብ ይደርስሻል።

ልመናዬ ይኸውልሽ። በሩን አትክፈቺልን።

ምንጩ ደርቋል በይው እንዳልልሽ መዋሸት አታውቂበትም፤ ደግሞም የቤትሽን ውሃ አንዴ ከቀመሰው ያውቀዋል። ለልጅቱ ውሃ ደብቄ ልያዝ ብዬም አስቤ ነበር። ግን ጥሙ ቢቀር መውደቅ አለ፣ ሽንት አለ፣ እንቅልፍ አለ፤ ልጅ በር የምታስከፍትበት ምክንያት አያልቅባትም። ድንቡሼ ብታለቅስ አትክፈቺ። የምታለቅሰው የእውነቷን ነው፤ ቢሆንም አትክፈቺ። ልጅ ሳለሁ እንደምልሽ እማ ብዬ ብጠራሽ አትክፈቺ። እሱ አጠገቤ ቆሞ ሲያየኝ፣ ይህን ደብዳቤ እንዳልጻፍኩ ሆኜ በሩን ልደበድብ እችላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። በሩ ከተከፈተ እገባለሁ። ልጄ ጭንሽ ላይ ስትስቅ እያየሁ ውሃሽን እጠጣለሁ፤ ምንጩ የት ነው ሲል ደግሞ ተነስቼ መንገዱን የማሳየው እኔ ነኝ።

ልጅቱን ግን እያት። የማድ ቤትሽ መስኮት ወደ በሩ ያሳያል፤ መጋረጃውን ሳትነኪ ቆመሽ እያት። ቢጫ ሹራብ አለብሳታለሁ። ትንሽ ጊዜ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞርልሻለሁ፤ በአፍንጫዋ ቁርጥ አንቺን ነው የምትመስለው።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ንቦችሽ አይሰደዱብሽ፣ ውሃሽ ከደጅሽ አይራቅ፣ የሚጦርሽ አያሳጣሽ። እኔን መመረቅ ቢከብድሽ አልቀየምም፤ እሷን ግን ከመስኮቱ ኋላ ሆነሽ በሹክሹክታ መርቂልኝ።

እሁድ በርሽ ላይ የምትቆመው
የእህትሽ ልጅ