የአሥራ አንድ ዓመት ግማሽ ኮሶ

ዳንግላ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ይድረስ አዘና፣ በአባቷ ቤት ለምትገኘው ለወርቅአየሁ አየነው፤

ወርቄ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ደብዳቤ ሲጻፍ ከዚህ ቀጥሎ «እኔ በጣም ደኅና ነኝ» ይባላል። እንዲያ ብዬ ልዋሽሽ አልፈለግሁም። ሞቼ ነበር። የምቀልድ እንዳይመስልሽ፤ ጥር ሦስት ቀን ጠዋት ዋንጫ ያነሣሁ ሰውዬ ነፍሴን ያወቅሁት ጥር አምስት ቀን ነው። ከነቃሁ በኋላ የሰማሁት ነገር ደግሞ ከሞቱ ይበልጥ አስደነገጠኝ። ይኸው ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው፣ ድንጋጤው አልለቀቀኝም። እሱን ልነግርሽ ነው የምጽፈው።

ጽሕፈቱ የእኔ አለመሆኑን ወንድምሽ ዓለምነው ገና ሲከፍተው ያውቀዋል። ገና ስላልበረታሁ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳቱ በዛብህ ነው የሚጽፍልኝ። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። አንተም ዓለምነው፣ ስታነብላት በእኔ ተናድደህ እንዳትዘልባት። የምትናደድበት ቦታ ብዙ አለው፤ ቢሆንም አንድም ሳታስቀር አንብብላት።

ጥቅምት ላይ የሆነውን አንቺም አትረሺው፣ እኔም አልረሳው። የመስቀል ሥጋ ሆዴ ውስጥ ነገር አምጥቶብኝ እንደ ወትሮዬ ኮሶ በጥብጪልኝ አልኩሽ። ሲነጋ የጋሪዬን ፈረስ አጠጥቼ ቶሎ ብመለስ፣ የተወቀጠውን ኮሶ ግማሹን ወደ ቅሉ መልሰሽ በምትኩ ከከረጢት ሌላ ዱቄት ስትጨምሪ አየሁሽ። ጎረቤታችን እማሆይ እታለማሁ አጠገብሽ ተቀምጠው በአገውኛ ታወሩ ነበር፤ ትሥቁም ነበር። እኔ አገውኛ አልሰማም። «ምንድን ነው የጨመርሽው?» ብልሽ ዝም አልሽ። «ምን እያደረግሽብኝ ነው?» ብልሽ አሁንም ዝም። ያኔ ደሜ ፈላ። ደጅ ወጥቼ «ጎረቤት ስሙልኝ! መድኃኒት አደረገችብኝ!» ብዬ ጮኽኩ። እማሆይ «ቆይ ልጄ፣ ልንገርህ» ቢሉኝ እሳቸውንም «ይውጡልኝ!» አልኳቸው። እሳቸውም ወጡ፣ ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጡም። አንቺም ነጠላሽን ብቻ አንሥተሽ ወጣሽ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ታውቂዋለሽ። ሽማግሌ ልኬ «ከመድኃኒተኛ ሴት ጋር አልኖርም፣ ንብረታችንን አካፍሉን» አልኩ። ጋሪ ተራ ላይ ቆሜም ላላወቀው ሁሉ አሳወቅሁ።

አሁን ወደ ጥር ወሩ ነገር ልምጣ። ከገና በፊት ሆዴ ድርቅ ብሎብኝ በዛብህ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሆድ የሚያላላ የእንግሊዝ ጨው በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና «ለብቻው፣ በብዙ ውኃ ጠጣው» አለኝ። እኔ ግን ላስቀምጠው ብዬ ኪሴ ከተትኩት። (ይህን ሲጽፍ በረጅሙ ሲተነፍስ ይሰማኛል።) የገና ዕለት እንደ አገሩ ሰው ጥሬ ሥጋ በላሁ፣ ሆዴ ተነሣብኝ። ኮሶ የሚበጠብጥልኝ የለም። አንቺ ከኮሶበር ከተማ በላይ ካለው ዛፍ ያስወረድሽው ቀዩ ኮሶ ከነቅሉ ተሰቅሎ ነበር። አወረድኩት። ከገበያ ደግሞ አንድ ብልቃጥ የጉሎ ዘይት ገዛሁ። እንግዲህ የእኔን ብልኅነት ተመልከቺ፤ ኮሶው ትሉን ይግደል፣ ዘይቱ መንገዱን ያለስልስ፣ ጨው ደግሞ ጠራርጎ ያውጣ አልኩ። ሦስት ሠራተኛ ለአንድ ሆድ ቀጠርኩለት።

ኮሶውን ዋንጫው አፍ ድረስ ሞላሁት። እንደ ልማዴ በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው ብዬ ገና ስጀምር ምላሴ የተቆረጠ መሰለኝ። ምርር ማለቱ! «የአሥራ አንድ ዓመቱ እንዲህ አልነበረም እኮ» አልኩ ለራሴ። ቀጥሎ ያሰብኩትን ስነግርሽ አፍራለሁ። የእሷ መድኃኒት ስለሌለበት ነው፣ እውነተኛው ኮሶ ይኼ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እየተንገፈገፍኩ ጨረስኩት። ዘይቱን አስከተልኩ። ጨውንም በጠብታ ውኃ በጥብጬ ደገምኩበት።

ጥቂት ቆይቶ ሆዴን በቢላዋ የሚከትፉት መሰለኝ። አስመለሰኝ፣ አስቀመጠኝ፣ እንደገና አስመለሰኝ፤ ከዚያ እግሬ ከዳኝና ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። መጮኼንስ ጮኽኩ፤ ማን ይምጣ? ኮሶ የጠጣ ሰው ደጅ እንደማይንኳኳ ታውቂያለሽ። አላፊ አግዳሚው ማቃሰቴን ይሰማል፣ «ኮሶ ጠጥቶ ነው» ብሎ ያልፋል። ወንድሜ አዝመራው ፈረሱን ሊወስድ ሲመጣ አንድ ሰው «ምን ሆኗል?» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። «ምንም አልሆነ፣ ኮሶ ይዞት ነው፣ ተውት ይረፍበት» አለ። የገዛ ወንድሜ! «አዝመራው» ልል አፌን ብከፍት ቃል አልወጣኝም። ኮቴው ሲርቅ ያኔ ሞት ይኼው ነው አልኩ።

ቀትር ላይ ማቃሰቴም ቆመ። ሰፈሩ ሁሉ «እንግዲህ ሻረው፣ ተኛ» አለ አሉ። እማሆይ እታለማሁ ብቻ ናቸው «ኮሶ የሻረው ሰው ማሻሪያ ምግብ አምጡልኝ ብሎ ይጮኻል እንጂ ጸጥ አይልም» ብለው በሩን በትከሻቸው ገፍተው የገቡት። «ይውጡልኝ» ያልኩበት ቤት መሆኑን እንኳ አላሰቡም። እሪ ብለው ሰው ሰበሰቡ። በራሴ ጋሪ እንደ ጤፍ ጆንያ ተጭኜ ጤና ጣቢያ ደረስኩ።

ነፍሴን ሳውቅ በዛብህ ከራስጌዬ ነበር።

«ምን ያህል ጠጣህ?» አለኝ።

«እንደ ወትሮዬ፣ ሙሉ ዋንጫ።»

«ከምን ጋር?»

ነገርኩት። በጩኸት ጣሪያውን የሚያነሣው ነበር የመሰለኝ።

«ኮሶ ከጉሎ ዘይት ጋር! አንተ ሰው፣ ትሉን ብቻ ነክቶ ሊወጣ የሚገባውን መርዝ እኮ ዘይቱ ወደ ደምህ ነው ያሻገረልህ! ጨው ደግሞ በሰውነትህ የነበረውን ውኃ ሟጦ አወጣው። እያንዳንዱ ለብቻው፣ በልኩ ቢሆን መድኃኒት ነው። ቆይ፣ ሙሉ ዋንጫ ቀይ ኮሶ ስትጠጣ ስንት ዓመትህ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«አታብል። አሥራ አንድ ዓመት ይህን ብትጠጣ ዛሬ በሕይወት አላገኝህም።»

«ጠጥቻለሁ ስልህ!» አልኩት። ይታይሽ፣ እየሞትኩም እኮራለሁ።

ያን ጊዜ ከጥግ በኩል የእማሆይ ድምፅ መጣ። «ምን ጠጥተሃል! ግማሽ ነው የጠጣኸው። ግማሹ ተልባ ነበር» አሉ።

ወርቄ፣ ክው አልኩ። እማሆይ ሁሉንም አወጡት። በተጋባን ዓመት ሙሉ ዋንጫ ጠጥቼ መውደቄን፣ ግማሽ ቀን ዓይኔ ጨልሞ መዋሌን፣ አንቺ ደንግጠሽ አዘና እናትሽ ዘንድ መገስገስሽን፣ እናትሽ «ቀዩ ኮሶ ብርቱ ነው፣ ለባልሽ ግማሽ ይበቃዋል፣ ሌላውን በተልባ አወፍሪው፣ አንጀቱንም ያለዝብለታል» ማለታቸውን። እኔማ ያንን ቀን «ፀሐይ መታኝ» ብዬ አስወርቼው ረስቼው ነበር። እማሆይ «ለምን አትነግሪውም?» ሲሉሽ «ብነግረው በእልህ ሁለት ዋንጫ ይጠጣል። ደግሞስ በሰው ፊት የሚኮራበትን ለምን ልቀማው?» ብለሽ ነበር አሉኝ። በአገውኛ የሣቃችሁትንም ጠየቅኋቸው። «‹ጀግናችን ዛሬም ሙሉ ዋንጫውን ሊጠጣ ነው› እያልን ነበር» አሉኝ።

ጋሪ ተራ ላይ «ሽባባው ኮሶ ሲጠጣ ፊቱ እንኳ አይጨማደድም» እየተባለ የተወራልኝ በተልባ ነው! መርዝ ሰጠችኝ ብዬ ያባረርኳት ሴት ናት ለካ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መርዙን ስትቀንስልኝ የኖረችው። አንቺስ ምን ሆነሽ ነው? ያን ጠዋት «ተልባ ነው» ብትዪኝ እኮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ጎረቤቱ ከተሰበሰበ በኋላም ያልተናገርሽው በሰው ፊት ላታዋርጂኝ ብለሽ ነው? የእኔን የማይረባ ኩራት በስምሽ ገዛሽልኝ? ይህን ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል።

ሌላም የምናዘዘው አለ። ከገና በፊት ዓለምነው ገበያ መጥቶ አግኝቶኝ ነበር። ሰላምታ ነሣኝ፤ ግን አንድ ነገር ነገረኝ። በአጎትሽ ተዝካር አንቺ የሠራሽውን ወጥ ሰው እንዳልነካው፣ አክስትሽ እንኳ ሌላ ሌማት ፍለጋ ከጎንሽ እንደተነሡ፣ አንቺም ድስቱን ይዘሽ ብቻሽን ወደ ጓዳ እንደገባሽ። ያን ጊዜ እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? «እሰይ» አልኩ። አዎ፣ እንዲህ ብያለሁ። ዛሬ እህል ስጎርስ ያቺ ድስት ትመጣብኛለች፣ ጉርሻዬን እመልሳለሁ።

ስለዚህ ጥር አሥራ ሁለት፣ ለሚካኤል፣ ሕዝቡ ታቦት አስገብቶ ደጀ ሰላሙ ላይ በተሰበሰበበት አዝመራው ክንዴን ይዞኝ ቆምኩና ተናገርኩ። «ሚስቴ መድኃኒት አላደረገችብኝም። ስታድነኝ ነው የኖረችው። እኔ የፎከርኩባችሁ በግማሽ ዋንጫ ነው» አልኩ። ሰዉ በሣቅ ፈረሰ። ጋሪ ነጂዎቹማ «ግማሽ ዋንጫ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ይጥሩኝ። ልብ ብለሽ ስሚኝ፣ በዚህ ስም ሲጠሩኝ ደስ ይለኛል፤ አንድ ሰው በጠራኝ ቁጥር ስምሽ አንድ እርምጃ ይጸዳል።

እዚህ ላይ በዛብህ መጻፉን አቁሟል። «የዓይንህን ነገር ንገራት» ይለኛል። የምን የዓይን ነገር? ከኮሶው ወዲህ ትንሽ ጭጋግ ብጤ አለብኝ፣ ይገፈፋል። «በጥር የምን ጭጋግ አለ?» ይለኛል እሱ። ሲያመጣው ኮሶ ሲበዛ ዓይን ይመታል፣ ያሳውራልም፣ እንዲህ ያደርጋል፣ እንዲያ ያደርጋል ይላል። «ያልኩህን ጻፍ፣ ይህችን ሴት በኀዘኔታ ልጠራት አልፈልግም» ብዬዋለሁ። ይህንንም ጻፈው እንዴ? እንግዲህ ከጻፈው ጻፈው። ጋሪውን ለጊዜው አዝመራው ይዞታል፣ ፈረሱም ደኅና ነው።

ሽማግሎቹ የማርያም ማግሥት፣ ጥር ሃያ ሁለት ቀን፣ ሊያካፍሉን አባትሽ ቤት ይመጣሉ። ቃሌን አንሥቻለሁ፣ አካፍሉን ያልኩትን ትቻለሁ፤ እነሱ ግን ያንቺን ቃል መስማት አለብን ብለዋል። ልክ ናቸው። እኔም አብሬ እመጣለሁ። እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ በአባትሽ ፊት በአፌ እናገረዋለሁ። ተመለሺ አልልሽም፤ እንዲያ የምልበት ፊት የለኝም። መለያየቱን ከመረጥሽ ቤቱ የአንቺ ነው፣ እኔ አዝመራው ዘንድ አላጣም። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ዕለት ለሽማግሎቹ የሚቀርበውን ምሳ አንቺ ሥሪው። ሌላ ሰው እንዳይነካው፣ አክስትሽም ዘመዱም ሰፈሩም ይጠሩ። ከሁሉም በፊት እኔ ከእጅሽ እጎርሳለሁ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ አዘና ሁሉ እያየ እውጣታለሁ። ስምሽን ያጠፋው የእኔ አፍ ስለሆነ መልሶ ሊያነሣው የሚገባው እሱ ነው።

ለአባትሽ ለአቶ አየነው ጉልበታቸውን እስማለሁ በይልኝ። እናትሽ ያቺን ግማሽ ስላስተማሩሽ እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ። እማሆይ በጣም ናፍቀውሻል፣ በአገውኛ የሚያወራኝ አጣሁ ብለውሻል። አምላክ አንቺን በጤና ያቆይልኝ፣ እኔ ያደረስኩብሽን ሁሉ ከልብሽ ያንሣልሽ።

እንግዲህ ስደርስ እንደ ጥቅምቱ ዝም አትበዪኝ፣ ወርቄ። የፈለግሽውን በዪ፣ ስድብም ቢሆን። ግን ተናገሪ፤ ከየት በኩል እንደቆምሽ በድምፅሽ ልወቅ።

ሽባባው ገብረ ማርያም