ሰርተፍኬቱ ያለፈበት ሳምንት

ሰኞ፣ የካቲት 2፤ ጠዋት 3፡00

መብራት መጣ። ማሽኗን አስነሳሁ። የማሰናዳው የፕሮግራም ፓኬጅ ዛሬም መሃል ላይ ተሰናክሎ ቆመ። አራተኛ ቀኔ።

ደብተሬ፣ ላንተ ልናዘዝ። ዐረብ አገር ያሉ የከተማችን የመካነ ሰላም ልጆች ያሉበትን ለመ/ቤታችን ጽፈው የሚልኩበት ድረ ገጽ የእኔ ሥራ ነው። ሰርተፍኬቱ፣ ማለት ገጹ እውነተኛ መሆኑን ለስልካቸው የሚመሰክረው መታወቂያ፣ በየሦስት ወሩ ይታደሳል። መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ገጹ ያለበትን ዋናውን ሰርቨር አቃጠለው። የቀረችኝ አሮጌ ማሽን የድሮውን ማደሻ ፕሮግራም አትችለውም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ላድስ ብል፣ የሰርተፍኬቱን ሚስጥራዊ ቁልፍ፣ ማለት የገጹን ማኅተም፣ በፍላሽ ይዞ መዞር ነው። ቫይረስ በሞላበት መ/ቤት!

አንዲት ቀለል ያለች ፕሮግራም አገኘሁ። ሰው ሳይነካት ታድሳለች። ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ክፍሏ ቁልፉን አያይም። እኔ ባልኖር ማንም በአንድ ትእዛዝ እንዲጭናት በፓኬጅ ላሰናዳት ነው ትግሉ። ሰርተፍኬቱ ካለፈበት ሦስት ቀን ሆነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3፤ 5፡00

እትዬ ሉባባ ቢሮ መጡ። አቀበቱ ትንፋሻቸውን ቆራርጦታል። ዐረብ አገር ያለችው ልጃቸው ሐያት ደውላ ነበር። አሠሪዎቿ ወደ ሌላ ከተማ ወስደዋታል። ፓስፖርቷን ቀምተዋታል፤ በር ይቆለፍባታል። የቦታውን ስም በስልክ ብትጠራ እመቤቷ ትሰማለች። ገጻችንን ከፍታ ነበር። ስልኳ "አይታመንም" ብሎ አስፈራራት፤ ዘጋችው።

"ዘሃራዬ፣ 'ዝም ብለሽ እለፊው' ልበላት?"

"አይሆንም፣ እትዬ። ኢንተርኔቱ የአሠሪዎቿ ነው። መሃል ገብተው የጻፈችውን ቢያነቡባትስ?"

"ታዲያ ልጄን የት ብዬ ልፈልጋት?"

ፊቴን ወደ ማሽኗ አዞርኩ። ጭራሽ እኔኑ "አብሽሪ፣ አይዞሽ" ብለውኝ ወጡ። እሱ ነው የገደለኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5፤ 8፡00

ፕሮግራሟ ተነሳች። ግን አዲሱን ሰርተፍኬት የምታስቀምጥበት ቦታ ተከልክላለች። መፍትሔው አንድ መስመር፦ ሙሉ ሥልጣን መስጠት። በደቂቃ ያልቃል።

ጻፍኩት። ሌባ በእሷ በኩል ከገባ የልጆቹ ስም፣ ያሉበት ቤት፣ ሁሉም በእጁ ነው። ሰረዝኩት። እንደገና ጻፍኩት። ሰረዝኩት። ያረቢ፣ ሐያት አሁን ምን እየሆነች ነው? ለሌሎቹ ስጠነቀቅ እሷን ላስበላ ነው? ምሳ አልበላሁም። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 6፤ 10፡00

ለፕሮግራሟ የራሷን ጠባብ ፈቃድ ሰጠኋት፤ አንድ ቦታ ብቻ መጻፍ የምትችልበት። ሠራ! ወዲያው ደግሞ ከሰርተፍኬት ሰጪው ጋር አልገናኝም አለች። ሁለት ሰዓት አፈጠጥኩ።

ለካ የማሽኗ ሰዓት ነው! ባትሪው ሞቷል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የሰጪው ሰርተፍኬት ራሱ ጊዜው ገና ያልደረሰ ይመስላታል። እኔ ደንቆሮ! ቀኑን አስተካከልኩ። ከማደሷ በፊት ሰዓቷን እንድታስተካክል ፓኬጁ ውስጥ ትእዛዝ ጨመርኩ። 9፡40 ላይ ታደሰ። አልሐምዱሊላህ። ገጹ ስልኬ ላይ ያለ ማስፈራሪያ ተከፈተ።

እትዬ ሉባባ ጋ ደወልኩ፤ ሐያት ስትደውል ገጹን ደግማ እንድትሞክር ይንገሯት አልኩ። ካልደወለችስ?

እሁድ፣ የካቲት 8፤ ጠዋት 4፡00

አልደወለችም። ቅዳሜ ሙሉ ባዶ። ዛሬ ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ቢሮ መጣሁ።

በገጹ በኩል ቅጽ ገብቷል። የሐያት። ማንም ሳይነግራት ደግማ ሞክራዋለች። የከተማው ስም፣ ሰፈሩ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ከታች፦ "በመስኮት ልወጣ ስል እግሬ ተሰበረ። ሐኪም አላየኝም። ለእማዬ አትንገሯት።"

ሦስቴ አነበብኩት።

እትዬ ሉባባን አስጠራሁ፤ እየመጡ ነው። ነገ በመጀመሪያው መኪና አብረን ወደ ደሴ፣ ጉዳዩ ወደሚመለከተው መ/ቤት። ቅጹ እዚያ ሰው ፊት ሲነበብ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ሐያትዬ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። እነግራቸዋለሁ። ዛሬውኑ፣ አሁን፣ ገና በሩን ሲገቡ።