አባባ አላጠሩም

ለምወድሽ እናቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? እዚያ ስልጠናው ላይ የሰጡሽ ፍራሽ አሁንም ጣውላ ነው ወይስ ለመደሽ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ሁላችንም በሕይወት አለን ማለቴ ነው፤ የቀረውን ከታች ታገኚዋለሽ።

አስቀድሜ ግን ኃጢአቴን ልናዘዝ። እኔ ልጅሽ፣ አእምሮዬ ሳይዛባ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ከስፌት መኪናሽ መሳቢያ ቢጫዋን ሜትርሽን ወስጃለሁ። ቀሚስ ልሰፋባት አይደለም። የአባትሽ እግር ከመሬት ስንት እንደሚርቅ ልለካባት ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ አባባ ስለሚሰሙ ነው። ያጠረው ቁመታቸው እንጂ ጆሯቸውማ ከድሮውም ረዝሟል።

ያ አስፋልትና ኮረኮንች የማይመርጠው ረጅም ሞተራቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ላም ሊያክሙ የዞሩበት፣ ዘንድሮ አልደረስበት አላቸው። መብራት ሲይዛቸው በአንድ እግራቸው ጣት ጫፍ ይቆማሉ፤ ሌላው እግራቸው አየር ላይ ይንጠለጠላል። ዝናብ የመታው ዶሮ ነው የሚመስሉት። ከኋላ የምቀመጠው ደግሞ እኔ፣ “ፌንጣ” የሚሉኝ የልጅ ልጃቸው ነኝ፤ ነፍሴ ስንቴ ወጥታ እንደተመለሰች እሷው ትቁጠረው።

ሲጠየቁ መጀመሪያ ጥፋቱ የጫማቸው ነበር፤ ሶሉ አልቋል። አዲስ ጫማ ሲገዛ ወደ ጎማው ዞሩ። “የዛሬ ጎማ ያብጣል” አሉ። ምላሱ ፍሬን የሌለው ወንድምሽ፣ “አባባ፣ ሰው እኮ ሲያረጅ ያጥራል” ቢላቸው መታወቂያቸውን መዘዙበት። “አንድ ሜትር ከሰባ ይላል! መታወቂያ ይዋሻል?” ፎቶው ላይ ጎፈሬ አላቸው፤ እሱንም አልዋሸም ማለት ነው።

አንቺ ደግሞ ስትሄጂ “አንዴ ከወደቁ ሞተሩ ይሸጣል” ብለሽ አዋጅ አወጅሽ። እማ፣ ሞተሩ ጋራዥ የገባ ሰሞን እኔን ነበር ሲያክሙ የዋሉት። ምላስሽን አውጪ፣ ጥርስሽን አሳዪ፣ ድዴን ሁሉ ገልጠው አዩ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ተቀመጡና ዝም አሉ። የአባባን ንዝንዝ እችለዋለሁ። ያንን ዝምታ ግን አልችለውም።

ሞተሩን ዝቅ እናስደርገው ስላቸው ተቆጡ። “ስንት ከብት ያከምኩ ሰው ነኝ! ለመውጣት አልተመቸኝም ብዬ የፈረስ እግር ቆርጬ አላውቅም” አሉ።

ስለዚህ ዘይት ይቀየርለት ብለን፣ እኔና አጎቴ መካኒኩ ጋ ወሰድነው። ሁሉን ነገር “ነገ ውሰዱ” ስለሚል ሰፈሩ “ነገ” ብሎ የሚጠራውን ታውቂዋለሽ። የኋላውን ሞላ የሚያያይዙትን ብረቶች በረዘሙ ለወጠ፤ ኋላው ዝቅ አለ። የፊት ጎማውን የያዙትን ቱቦዎች ደግሞ ፈታ አድርጎ ወደ ላይ ገፋቸው፣ ፊቱም በዚያው ልክ ወረደ፤ አንደኛው ወገን ብቻ ከጎነበሰ መሪው አይታዘዝም አለ። ከመቀመጫውም ስፖንጅ ገፈፈ። በሜትርሽ ለካሁ፤ አራት ጣት ሙሉ ወርዷል።

አባባ ወጡበት። ሁለቱም ተረከዛቸው መሬት ነካ። ፊታቸውን ብታዪው! “አላልኳችሁም? ጎማው ነው! ዘይቱ ሲቀየር ተስተካከለ።” ዘይትና ጎማን ምን አገናኛቸው ብሎ የጠየቀ የለም። ወደ አጎቴ ዞረው ደግሞ “አንተ ግን ቀና በል፣ እያጠርክ ነው” አሉት።

ሁለት ትልልቅ ሰዎች መክረው፣ ዘክረው፣ በላዩ ሻይ ጠጥተውበት አንድ ነገር ረሱ፤ የጎን ማቆሚያውን። ሞተሩ ሲያጥር ማቆሚያው አላጠረም። ስለዚህ ሞተሩ ዘንበል ማለቱን ትቶ እንደ ወታደር ቀጥ አለ፤ ቢያስነጥሱበት ወደ ወዲያኛው ጎን የሚወድቅ ነው። አጎቴን ብለው “የመካኒኩ ሥራ ነው” አለኝ። መካኒኩን ብለው “አጎትሽ በያጅ ጋ እወስደዋለሁ ብሏል” አለና ምን ቢጨምር ጥሩ ነው? “ነገ።”

እኔ ማቆሚያ ሆንኩልሽ። አባባ በወረዱ ቁጥር እየሮጥኩ “ልያዝልዎ” እላለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ልጅ ማለት እንዲህ ነው፣ ያሳደገቻት ትባረክ ይላል። ምርቃቱ ያንቺ ነው፤ ተቀበዪ።

ግን ትምህርት ቤትም አለብኝ። አንድ ቀን ከከብት እርባታው የሞተሩ መስታወት ተሰብሮ መጡ። እሳቸው ወርደው ላም ሲያክሙ ነው የወደቀው። “ጥጃ ገፋው” አሉ፤ አሉና እኔን ትክ ብለው አዩኝ። አጎቴም “መውደቅ መውደቅ ነው፣ እህቴ አዛለች” ብሎ ተነሳ። እማ ያለችው አባባ ከወደቁ ነው፣ ሞተሩ ከወደቀ አላለችም ብዬ ተሟገትኩ። አዋጅ ተርጓሚ ማን አደረገሽ ተባልኩ።

ቅዳሜ ገዢ ይዞ መጣ፤ የመብራት ምሰሶ የሚያክል ጎረምሳ። መካኒኩም ሊያሻሽጥ አብሮ አለ። አባባ አልተቆጡም፤ “ይውጣበትና ይየው” አሉ። ልጁ ወጣ። ጉልበቱ ጆሮው አጠገብ ደረሰ። “ይሄ ሞተር እኮ አጥሯል! ማን ነው ያሳጠረው?” አለ፣ አባባ ፊት!

አጎቴ ሰማይ ሰማዩን አየ። መካኒኩ የራሱን ጫማ መረመረ።

አባባ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “ሞተሩ አላጠረም፤ አንተ ነህ ያለልክ የረዘምከው። ውረድልኝ” አሉት።

ልጁ ሲወርድ እንደ ልማዴ ልይዝ ሮጥኩ። “ተይው” አሉኝ። ማቆሚያውን በእግራቸው አወረዱና እጃቸውን ለቀቁ። እማ፣ ሞተሩ ግድግዳ ተደግፎ እንደሚያወራ ሰው ዘና ብሎ፣ ዘንበል ብሎ ቆመ! ጎንበስ ብዬ አየሁት። ማቆሚያው ተቆርጧል፤ ብየዳው አዲስ ነው፤ ጫፉ በሞረድ ተስተካክሏል። አጎቴ መካኒኩን አመሰገነው። መካኒኩ “እኔ? እኔማ ነገ ነበር ያሰብኩት” አለ።

በቤታችን ያለው ሞረድ አንድ ነው፤ የላም ሰኮና የሚሞረድበት። ሜትርሽን ልመልስ ስፈልግም ካስቀመጥኩበት አጣኋት። ዛሬ ጠዋት ከአባባ የመድኃኒት ቦርሳ፣ ከመርፌዎቹ ሥር፣ የብረት ብናኝ ለብሳ ተገኘች። አጥቤያታለሁ። እኔ ምንም አላውቅም፤ እሳቸውም ምንም አያውቁም።

አንቺም ስትመጪ ምንም አትወቂ። ሞተሩን አይተሽ “ጥሩ ጎማ ነው” በይ፤ አዋጅሽንም አንሺልን። እስከዚያው ወገብሽን ይጠብቅልኝ፣ ፍራሹን ያለስልስልሽ፣ በሰላም መልሶ ያገናኘን።

ወይኔ ጉዴ፣ አባባ መስኮቱ ጋ ቆመዋል! ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ።

“ፌንጣ! ደብዳቤሽን ስትጨርሺ ያቺን ሜትር ይዘሽ ነይ። ጎማው ዛሬም ትንሽ አብጧል።”

ልጅሽ